በመወጠሪያ ላይ የሰፋው ጎጃም

ከስሜ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ብዙ አይደለም። ፊደል ቆጥሬ፣ ንባብ ለይቼ፣ ደብረ ማርቆስ በተከፈተው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ልገባ ስል ጣሊያን ገባና ትምህርት ቤቱ የበቅሎ ማደሪያ ሆነ። ዛሬ የምሠራው ልብስ ስፌት ነው። ባለፈው ሰሞን የስፌት ቤታችን እመቤት በሰው ፊት፣ "ትሁኔ፣ ቀድሞ ምን ትሠሪ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። "ቆዳ" አልኩና አፌ ተያዘ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። የቀረውን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ምላሴ እንደ ደረቀ ጠፍር ይሆናል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ። ማንበብ የምትችለዋ ለማይችሉት ታንብብላቸው፤ ስታነብ ግን እኔ ቤት ውስጥ አልኑር።

ሥራዬ ብራና ማዘጋጀት ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የሚጻፉበትን የፍየል ቆዳ ማለቴ ነው። የወንድ ሥራ ነው። እኔ የገባሁት ወንዶቹ ስላለቁ ነው። ብራና ፋቂው አባ ታምሩ የእናቴ አጎት ናቸው። ሦስት ተማሪዎች ነበሯቸው፤ አንዱ ከአርበኞች ጋር ዱር ገባ፣ አንዱ ለጣሊያን ባንዳ ሆነ፣ ሦስተኛው ሁለቱ ሲታረቁ እመለሳለሁ ብሎ ገዳም ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም። እናቴ ይኼን ስትሰማ፣ "ትሁኔ ትሂድላቸው፤ እሷም አትናገር፣ ቆዳውም አይናገር፣ ይስማማሉ" አለች። ደመወዜ እህል ነበር፤ እህል ሲጠፋ ምርቃት ነበር።

ቆዳው ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ይወጣል። ሽታውን አልጽፍም፤ በገበያ ቀን ሰው መንገድ ይለቅልኝ የነበረው ስለ ክብሬ አልነበረም። ከዚያ የቆዳውን ጠርዝ ዙሪያውን እንበሳለን፣ በየቀዳዳው አጭር እንጨት እንሰካለን፣ እያንዳንዱን እንጨት በገመድ ከመወጠሪያው ጋር እናስራለን። መወጠሪያው አራት ግንድ ተጋጥሞ የተሠራ እንደ መስኮት ያለ ነገር ነው። ቀጥሎ መፋቅ ነው። ቆዳው በተፋቀ ቁጥር ይሳሳል፤ በሳሳ ቁጥር ይላላል፤ በላላ ቁጥር ገመዱ ይሳባል። ብራና ማለት በአጭሩ ይኼ ነው፤ መፋቅና መሳብ፣ መፋቅና መሳብ።

አባ ታምሩ በመወጠሪያ አጠገብ ገመድ ሳይስቡ ማለፍ አይችሉም ነበር። ሌላው ሰው በቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ እንደሚሳለመው እሳቸው ገመድ ይስባሉ። ውኃ ሊጠጡ ሲሄዱ አንዱን፣ ጠጥተው ሲመለሱ ሌላውን። ሰው እያናገሩ ይስባሉ፤ ተናደው ከሆነ አብዝተው ይስባሉ። ከሳቡ በኋላ ቆዳውን በጣታቸው መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ድምፁ ካልጣማቸው እንደገና ይስባሉ። እጃቸው ሻካራ ስለሆነ ልስላሴውን የሚለኩት በጉንጫቸው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ጉንጫቸውን ብራናው ላይ ሲያሹ ያየ ሰው ፍየሏን ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስለዋል። እኔም ገመድ መሳቡን ወርሼ ቀርቻለሁ፤ ዛሬ ደንበኛ ቀሚስ ስታስለካ ጫፉን እየሳብኩ የስፌት ቤቱ እመቤት ሁለት ሦስቴ ተቆጥተውኛል።

ከሁሉም የከፋውን ቀን ደግሞ ልጻፈው። የሉማሜ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያናቸው መጽሐፍ አንድ ትልቅ፣ ነጭ፣ እንከን የሌለው ቆዳ አምጥተው ነበር። እንከን የሌለው የመሰለው ለእኔ ነው። የገፈፈው ሰው ቢላ ሆዱ አጠገብ እንደ ጤፍ ያለች ጭረት ትታበታለች። አባ "መጀመሪያ በብርሃን ፊት ያዢና ጭረት ፈልጊ" ብለውኝ ነበር፤ ይዤ ነበር፤ አላየኋትም። ቆዳው ሲወጠር ጭረቷም አብራ ተወጠረች፤ ጤፏ ስንዴ ሆነች፣ ስንዴዋ ባቄላ ሆነች። እኔ ግን ጀርባውን እየፋቅሁ ነበር። ፀሐዩ በረታ፣ ገመድ ሳብኩ፣ ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ። ድምፁ እንደ ጠመንጃ ጮኸ።

የጣሊያን ምሽግ ከእኛ አጥር ማዶ ነው። ዘበኞቹ መሬት ላይ ተኝተው አጥራችንን በጥይት ፈጁት። አባ መወጠሪያው ሥር ገቡ፤ እኔ የቆዳ መዘፍዘፊያው ውስጥ ገባሁ። ጸጥ ሲል ወታደሮች ከአስተርጓሚ ጋር መጡ። አስተርጓሚው አገሬው ነው፤ ካባ የሚያህል ኮት ለብሶ ንግግሩን ሁሉ "ክቡር ኮማንዳንቴ" ብሎ የሚጀምር፣ ኮማንዳንቴው፣ ማለት የምሽጉ አዛዥ፣ በሌለበትም እንኳ።

"ክቡር ኮማንዳንቴ ይጠይቃል! ማን ነው የተኮሰ?"

"ፍየል" አሉ አባ ከመወጠሪያው ሥር።

"የቷ ፍየል?"

"የሞተችው።"

አስተርጓሚው ይኼን እንዴት እንደተረጎመው አላውቅም፤ ወታደሮቹ ግን አባን የሚያዩበት ዓይን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠ። የእኛ ቤት የሚጠረጠር ቤት ሆነ። አባ አልተቆጡኝም። የተቀደደውን ቆዳ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙና፣ "የሉማሜ ሰዎች ይኼን ፍየል ስንት ክረምት ነው የቀለቡት" አሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። መጽሐፉ በዚያ ዓመት አልተጻፈም።

ከዚህ በኋላ ነው ካርታው የመጣው። ኮማንዳንቴው ግድግዳውን የሚሸፍን የጎጃም ካርታ አማረው። ያን ያህል ወረቀት ከተማው ውስጥ ስለሌለ በጥጃ ቆዳ ይሁን ተባለ። ቆዳውን እኛ እንድናዘጋጅ፣ ካርታውን ደመና ጠባቂው እንዲሥል ታዘዘ።

ደመና ጠባቂው ጣሊያን ነው። ሥራው የዘነበውን ዝናብ በብልቃጥ መለካትና ደመናን እያየ መጻፍ ነበር። የከተማው ሰው፣ "ይኼን ያህል ሲጠብቀው ሐምሌ ላይ ምነው ለቀቀብን" ይለዋል። በአገሩ ሳለ በትልቅ መነጽር ከዋክብት ይመለከት ነበር አሉ። አማርኛ የተማረው ከልብስ አጣቢው ሴትዮ ስለሆነ ሁሉንም ሰው እንደ ሴት ነበር የሚያናግረው።

"አባ፣ ደህና አደርሽ?"

"ደህና አደርኩ እህቴ" ይሉታል አባ።

ኮማንዳንቴው ቸኩሏል። ስለዚህ ቆዳው ሳያልቅ ሥዕሉ ተጀመረ። መወጠሪያውን ግቢ መሃል አቆምነው፤ ደመና ጠባቂው በፊቱ በኩል ይሥላል፣ እኛ በጀርባው በኩል ውኃ እየረጨን እንፍቃለን። እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊት ተሠርቶ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም የሚሠራ አይመስለኝም። ደብረ ማርቆስን መሃል አስቀመጠ፣ ከዚያ ከተሞቹን ሉማሜን፣ አማኑኤልንና ቁይን፣ ከዳር ደግሞ አባይን።

በማግስቱ መጣና በመለኪያው ለካ። መነጽሩን ጠረገና ደግሞ ለካ። በሦስተኛው ቀን ስካር መስሎት ወይን ጠጅ መተዉን አስተርጓሚው ነገረን። በአራተኛው ቀን ፊቱ ገርጥቶ መጣ።

"አባ፣ ሉማሜ ሄደች።"

"ወዴት?"

"ወደ አዲስ አበባ።"

"ለገበያ ይሆናላ" አሉ አባ፤ እያሉም አንድ ገመድ ሳቡ።

ደመና ጠባቂው የአባን እጅ አየ። ገመዱን አየ። ቆዳውን አየ። "አንድ ጊዜ ድገሚው" አለ። አባ ሳቡ። ሰውዬው መለኪያውን ጥሎ በግቢው ዙሪያ መሮጥ ጀመረ፤ ዶሮዎቹ ተበታተኑ። እኔ አብዷል ብዬ በር ላይ ቆምኩ።

አላበደም፤ ደስ ብሎት ነበር። ጠርቶ አሳየን። ሉማሜ ከነበረችበት አንድ ጣት ያህል ከደብረ ማርቆስ ርቃለች። ከሉማሜ እጥፍ የሚርቀው አባይ ደግሞ ሁለት ጣት ርቋል። በቆዳው ላይ ማንም አልሄደም፤ በመካከላቸው ያለው ቆዳ ነው የሰፋው። ራቅ ያለው ብዙ ቆዳ በመካከል ስላለው ይበልጥ ይርቃል። "ሰማይ እንዲህ ናት!" አለ። እንደ እሱ አነጋገር፣ ከዋክብት እንደ መንደር ተሰብስበው ይኖራሉ፤ አንዱ መንደር ስፍር ቁጥር የሌለው ኮከብ አለው። በመንደርና በመንደር መካከል ያለው ባዶ ስፍራ ይሰፋል። የሩቁ መንደር ከቅርቡ ይልቅ ፈጥኖ ሲርቅ በመነጽር ታይቷል። ከዚያ እንደ ሞገድ እየተወዛወዘ የሚመጣው ብርሃን እንኳ መንገድ ላይ ተለጥጦ ቀልቶ ይደርሳል፤ ይኼንንም ጠመዝማዛ አድርጎ የሣለው የአባይ ወንዝ እንዴት እንደተዘረጋ አሳይቶ አስረዳን።

አባ ጉንጫቸውን እያሹ ብዙ አሰቡ።

"ቤታችንስ? ቤታችንም አብሮ ይሰፋል?"

"አይሰፋም። መንደሩ ውስጥ ያሉት ተያይዘዋል፣ ይሳሳባሉ። የሚሰፋው በመንደሮቹ መሃል ነው።"

"እንግዲያው እንደኛ አገር አይደለም፤ የኛ ሰው መንደር ውስጥ ነው የሚራራቀው" አሉ። ቀጥለውም፣ "ገመዱን የሚስበው ማነው?" አሉ።

"እሱን አናውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ። ግን እጁ እንደ እኔ እንደማያርፍ ዛሬ ገና ሰማሁ።"

ደመና ጠባቂው ካርታውን ቆዳው ሲያልቅ እንደገና ሊሥለው ፈለገ። ኮማንዳንቴው ግን እንግዳ ስለመጣበት ወታደር ልኮ ቆዳውን ከነመወጠሪያው አስወሰደው።

ኮማንዳንቴው አማኑኤልን ሊጎበኝ ተነሣ። መንገዱን በካርታው ላይ ራሱ ለካ፤ የሚደርስበትንም ሰዓት ራሱ አስልቶ፣ ሕዝቡ በዚያ ሰዓት እልል እያለ እንዲቀበለው አዘዘ። የካርታው አማኑኤል ሩቅ ነበረች፤ የእግዜሩ አማኑኤል እዚያው በቦታዋ ነበረች። ስለዚህ ሰዉ ገና ነጠላውን ሳያጣፋ ኮማንዳንቴው ደረሰ። አደባባዩ ላይ የጠበቀው አንድ አህያ ነው። እሱም ጀርባውን ሰጠው።

በማግስቱ አባ ታሰሩ። "ሽፍቶችን ለመርዳት ብሎ መንገዱን በካርታ ላይ አዛባ" ተባለ፤ የፍየሏም ተኩስ ተጨመረበት። ነገ በሚነሣው መኪና ወደ በረሃ እስር ቤት ይላካሉ አሉን። ወደዚያ የተወሰደ ሰው ሲመለስ አላየንም። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ደመና ጠባቂው እየሮጠ መጣ። ቆዳው ነው የሰፋው ብሎ ቢናገርም ኮማንዳንቴው አላመነም፤ "ቆዳ ከተማ አያንቀሳቅስም" ብሎታል። "አንቺ ነይ፣ ትንሽ መወጠሪያ አምጪ፣ እናሳየዋለን" አለኝ። የነበረኝ አንድ እርጥብ የግልገል ቆዳ ነው። ለከተሞቹ የሚሆን ነገር ስፈልግ ለምሳ የተለቀመ ምስር አየሁና በሊጥ እያጣበቅሁ በቆዳው ላይ በተንኩት።

ኮማንዳንቴው ክፍል ውስጥ አባ እጃቸው ታስሮ ቆመዋል። ስገባ ያሉኝ፣ "ማን እንዳሰረው እንጃ፤ ገመዱ ላልቷል" ነው። ደመና ጠባቂው ተናገረ፤ አስተርጓሚው ለእኛ ተረጎመልን። ኮማንዳንቴው ተነሥቶ ጣቱን በአንዲት ምስር ላይ አደረገ።

"ክቡር ኮማንዳንቴ ይላል፣ ይቺ ሮማ ናት።"

"ሳቢ" አለኝ ደመና ጠባቂው።

ገመዶቹን ያዝኩ። ከአራቱም ወገን እኩል ሳብኩ። ደመና ጠባቂው ለካ። ምስሮቹ ሁሉ ከሮማ ርቀዋል፤ ቅርቧ ጥቂት፣ ሩቋ ብዙ። ምስሮቹ ራሳቸው እንደነበሩ ናቸው። ኮማንዳንቴው ፈገግ አለ። "ክቡር ኮማንዳንቴ ይላል፣ ግዛቱ ያለ ጦርነት ሰፋ!" አባ ሊፈቱ ነው ብዬ ልቤ ተነሣ።

ደመና ጠባቂው ግን ያየውን መደበቅ የማይችል ሰው ነበር። የኮማንዳንቴውን ጣት ቀስ ብሎ ያዘና ወደ ሌላ ምስር አዛወረው። "ይቺ አማኑኤል ትሁን" አለ። አስለካው። ከአማኑኤልም ሁሉም ሸሽቷል፤ ሮማም ጭምር። አስተርጓሚው መተርጎም አቆመ። ኮማንዳንቴው የአህያው ነገር ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ አንገቱ ቀላ።

"ክቡር ኮማንዳንቴ ይጠይቃል! ታዲያ መካከሉ የቱ ነው? ሮማ ወይስ አማኑኤል?"

ደመና ጠባቂው አፉን ከፈተ። መካከል የሚባል የለም ሊል ነው፤ ለእኛ ግቢ ውስጥ ብሎናል። የአባን የታሰረ እጅ አየና አፉን ገጠመ። ውሸት ደግሞ ከአፉ አይወጣም። ኮማንዳንቴው ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ነሽ የሳብሽው። ተናገሪ!"

ሁሉም አዩኝ። በዚያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ መልካም ነበር፤ መሬት ግን ለፈለጋት ሰው አትከፈትም። ቆዳውን አየሁ። ጣቱ አሁንም ምስሯ ላይ ነው።

"ጣትዎ ያለበት ነው" አልኩ።

"አልተሰማም!" አለ አስተርጓሚው።

"ጣትዎ ያለበት ነው ጌታዬ!" ብዬ ጮህኩ፤ እንዴት እንደጮህኩ ዛሬም አላውቅም። "የትም ቢያስቀምጡት እዚያ መካከል ነው! ሁሉም ከዚያ ይሸሻል!"

አስተርጓሚው ተረጎመ፤ እኔ ካልኩት በጣም ረዘመ። ኮማንዳንቴው ጣቱን አነሣና አየው፤ እንደዚያ ያለ ጣት ከዚህ ቀደም እንደነበረው ያላወቀ ይመስል ነበር። ከዚያ ጣቱን በአንዷ ምስር ላይ፣ ደግሞ በሌላዋ፣ ደግሞ በሌላዋ እያደረገ ብዙ ቆየ። ደመና ጠባቂው በሹክሹክታ፣ "እውነት ተናገርሽ፣ ሙሉ እውነት" አለኝ። አባም፣ "ጮክ ብላ ትናገራለች ለካ" አሉ ለማንም ሳይሆን።

አባ ተፈቱ። ፍርዱ ግን ትእዛዝ ነበረበት። ከዛሬ ጀምሮ ከኮማንዳንቴው ፈቃድ ውጪ በደብረ ማርቆስ ማንም ሰው ምንም ነገር እንዳይወጥር ተባለ። ወታደሮች መጥተው መወጠሪያዎቻችንን ለማገዶ ሰበሯቸው። ለጥቂት ቀን በከተማው ልብስ ለማስጣት ገመድ የሚወጥሩትም ፈርተው ነበር። ደመና ጠባቂውን ብዙ ስለተናገረ ወደ ሌላ አገር አዛወሩት። ሊሰናበተን ሲመጣ እንደ ወንድ ማናገር ተምሮ ነበር። ለእኔ "ደህና ሁን ወንድሜ" አለኝ። እኔን ከምሽጉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ እንድተክል አስገቡኝ። ስፌት የጀመርኩት እንዲህ ነው። ጣሊያን ሲወጣ መርፌውን ይዤ ወጣሁ።

አባ ግን መወጠሪያ በሌለበት ከተማ መኖር አልቻሉም። በቤት ውስጥ ሲመላለሱ እጃቸው ገመድ ይፈልጋል፤ የእናቴን መቀነት ሳይቀር ይስቡ ጀመር። በመጨረሻ ወደ ወንድማቸው፣ ወደ ቁይ ለመሄድ ተነሡ። እኔ እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋቸው። ዱላቸውንና መፋቂያቸውን ብቻ ይዘዋል። ልናገር የፈለግሁት ብዙ ነበር። የሉማሜው ቆዳ እስካሁን እንደሚያመኝ፣ ተፈትተው በማየቴ በዓለም ላይ እንደኔ የተደሰተ እንዳልነበረ። ቆመው ጠበቁኝ። ከአፌ የወጣው "ደህና ይግቡ" ነው፤ እሱም በከንፈሬ።

መንገድ ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ዞሩ።

"ምን አልሽ?"

"ደህና ይግቡ፣ አልኩ።"

"እህ?"

"ደህና ይግቡ አባዬ!" ብዬ ጮህኩ፤ እንጨት የጫኑ ሴቶች ቆመው አዩኝ።

ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ያን ጊዜ ግን ዱላቸውን አንሥተው፣ ከሩቅ እየሳቁ እንዲህ አሉኝ፦

"እንግዲህ እንዲህ ነው መናገር! ቁይ ሩቅ ነው ልጄ፤ ከዛሬ ጀምሮ በከንፈርሽ ብታወሪ አልሰማሽም!"